ሐምሌ በደብረ ማርቆስ፦ አልደርቅ ያለ ስቴይንና አንድ አትሮንስ

ሐምሌ 10

አትሮንሱ ዛሬ አለቀ። የእንጨት ሥራው ማለቴ ነው። ዋንዛ ነው። ቁመቱ ደረት ይደርሳል፣ መጽሐፍ የሚዘረጋበት ፊቱ ዘመም ያለ ነው፣ ከፊት ለፊቱ መስቀልና ሐረግ ቀርጬበታለሁ። ለሰፈራችን ቤተ ክርስቲያን የሚሰጥ ነው። ነሐሴ 1 ፍልሰታ ይገባል። ውዳሴ ማርያም በየቀኑ የሚተረጎምበት ሱባኤ ነው። የቆየው አትሮንስ እግሩ ላልቷል። የኔታ "ለፍልሰታ ይድረስልን" ሲሉኝ እሺ ብዬ ተቀበልኩ። ሃያ ቀን አለኝ። ለቀለም ብቻ ሃያ ቀን ይተርፋል ብያለሁ።

ዋንዛ ራሱ የሚያምር እንጨት ነው። ቫርኒሽ ብቻ ቢቀባ ይበቃው ነበር። ግን ያገኘሁት ጣውላ ከሁለት ግንድ የወጣ ነው። አንዱ ከግንዱ መሃል የወጣ ቡናማ ነው፣ ሌላው ከጠርዙ የወጣ ነጣ ያለ። ጎን ለጎን ሲገጠሙ ልዩነታቸው ዓይን ውስጥ ይገባል። ስለዚህ መልካቸውን እንዲያቀራርብልኝ በዘይት የተሠራ ቡናማ ስቴይን፣ ማለትም እንጨት ውስጥ ገብቶ መልኩን የሚቀይር ማቅለሚያ፣ ገዛሁ። ጣሳው ላይ ከ6 እስከ 8 ሰዓት ውስጥ ይደርቃል ይላል።

ሐምሌ 11

ጠዋት በ180 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት አለስልሼ ጨረስኩ። ብናኙን በደረቅ ብሩሽ አራገፍኩ። ከሰዓት በኋላ ቀባሁት። ዝናቡ የመሥሪያ ቤቴን ቆርቆሮ ይደበድበዋል፤ ጉሙ ከጮቄ በኩል ወርዶ ሰፈሩን አልብሶታል። ብሩሹን ጠገብ እያደረግሁ ቀባሁ። ጠቆር እንዲል ስለፈለግሁ ሳላብሰው ተውኩት። እርጥበት እንዳይገባ ብዬ በሩንም መስኮቱንም ግጥም አድርጌ ዘጋሁና ወጣሁ።

ሐምሌ 13

ትናንት ሚካኤል ስለነበረ አልሠራሁም። ዛሬ ጠዋት በሩን ስከፍት ሽታው ገፍቶ ወጣ። ጣቴን ዘመም ባለው ፊት ላይ አሳረፍኩ። ተጣበቀ። ሳነሳው አሻራዬ እንዳለ ቀረ። ከቀባሁት 40 ሰዓት ገደማ ሆኖታል።

ቁም ሳጥን ቢሆን ይህን ያህል ባልተጨነቅሁ። እዚህ ላይ የሚዘረጋው ግን የብራና መጽሐፍ ነው። ቡናማ ስቴይን ብራና ላይ ካረፈ የሚያስለቅቀው የለም። የኔታም ነጭ ጋቢያቸውን ተደርበው፣ ክንዳቸውን ጠርዙ ላይ አሳርፈው ነው የሚያነቡት። "የደረቀ ይመስላል" ብዬ የማስረክበው ሥራ አይደለም።

ሐምሌ 14

ጫጩት ከምታሳድግ ጎረቤቴ ሙቀትና እርጥበት የሚለካ ትንሽ መሣሪያ ተዋስኩ። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ የመሥሪያ ቤቴ ሙቀት 11 ዲግሪ፣ እርጥበቱ 91 በመቶ። ከሰዓት 9 ሰዓት ላይ 15 ዲግሪና 86 በመቶ። ቆርቆሮው ከውስጥ በኩል ያልበዋል፤ ጠብታው እንጨቱ ላይ ወርዶ ስቴይኑን እዚህም እዚያም አንጥቶታል።

ከዚያ የጣሳውን ጀርባ በደንብ አነበብኩ። ከ10 ዲግሪ በታች አትጠቀሙ ይላል። ያቺ "ከ6 እስከ 8 ሰዓት" የተባለችውም 20 ዲግሪ አካባቢ ሙቀት ላለው፣ እርጥበቱም መካከለኛ ለሆነ ክፍል ናት። ደብረ ማርቆስ ከ2,400 ሜትር በላይ ላይ ያለች ከተማ ናት። ሐምሌ ላይ እንዲህ ያለ ክፍል እሳት ሳይነድ የት ይገኛል?

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ፤ እኔም ስቼዋለሁ። በዘይት የተሠራ ስቴይን እንደ ታጠበ ልብስ አይደለም የሚደርቀው። ሁለት ነገር በየተራ ይከናወናል። መጀመሪያ ያቀጠነው ፈሳሽ፣ ማለትም አኳራጅ መሰሉ ነገር፣ ተንኖ ይሄዳል። ቀጥሎ የቀረው ዘይት ከአየር ኦክስጅን እየወሰደ ይጠነክራል። ይህ ሁለተኛው መድረቅ ሳይሆን መርጋት ቢባል ይሻላል። የኑግ ዘይት ያለበትን ጠርሙስ ያየ ሰው ያውቀዋል። አንገቱ ላይ የፈሰሰችው ዘይት ቀን ሲቆጠር ወደ ሙጫነት ትለወጣለች። ውስጥ ያለው ዘይት ግን ያው ፈሳሽ ነው። አየር ያገኘችው ቀጭኗ ብቻ ናት የረጋችው። የተልባ ዘይት ደግሞ ከኑግ ይበልጥ ቶሎ ይረጋል፤ የቀለም ሰዎች የሚመርጡት ለዚህ ነው።

ብርድ ሁለቱንም ያዘገያል። ሙቀት በ10 ዲግሪ በቀነሰ ቁጥር የመርጋቱ ፍጥነት በግምት በግማሽ ይወርዳል። በ21 ዲግሪ በአንድ ቀን የሚረጋው በ11 ዲግሪ ሁለት ቀን ይፈልጋል ማለት ነው። እኔ ደግሞ በሩን ግጥም አድርጌ ዘግቼ የሚወጣውን ትነትም፣ የሚገባውን አየርም ከለከልኩ።

ማታ አንድ ሽማግሌ አናጺ ጎራ አሉ። ሰፈሩ ሁሉ አያ ነው የሚላቸው። ዓይናቸው ደክሟል፤ በእጃቸው ነው እንጨት የሚያዩት። ጎኑን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱ።

"አብሰኸዋል?" አሉኝ።

"አላበስኩትም አያ። እንዲጠቁር ብዬ ነው።"

"እንጨቱ እንደሁ የሚጠጣውን ጠጥቷል። የተረፈውን ማን ይጠጣው?"

መልስ አልነበረኝም።

ሐምሌ 15

ዛሬ አትሮንሱን አልነካሁም። የአያ ጥያቄ አላስተኛኝም። ጥፋቱ የብርዱ ነው ወይስ የውፍረቱ? ከዚያው ጣውላ የተረፉ አራት ቁራጮች በአንድ ዓይነት ወረቀት አለሰለስኩና ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ ብዬ ጻፍኩባቸው።

ሀ በወፍራሙ ተቀብቶ ሳይታበስ መሥሪያ ቤት ቀረ። ለ ተቀብቶ ከ10 ደቂቃ በኋላ በጨርቅ በደንብ ታበሰና እሱም መሥሪያ ቤት ቀረ። ሐ እንደ ሀ ወፍራም፣ ሳይታበስ፣ ግን እሳት ወደሚነድበት ቤት ገባ። መ ታብሶ ቤት ገባ። ቤት ውስጥ ቀን ላይ 19 ዲግሪ አካባቢ ነው፣ እርጥበቱ 65 በመቶ።

ከመቀባቴ በፊት ጣሳውን ከሥሩ ጀምሬ በዱላ አማሰልኩት። ከታች ጭቃ የመሰለ ነገር ተቀምጦ አገኘሁ። ቀለሙ እዚያ ነው የሚዘቅጠው። ሐምሌ 11 ላይ ነቅነቅ አድርጌ ብቻ ነበር የከፈትኩት። ሳይማሰል ሲቀር ከላይ ያለው ቀጭን፣ ከታች ያለው ከሚገባው በላይ ወፍራም ሆኖ ይወጣል።

የእንጨቱንም እርጥበት ለካሁ። ለዚህ ሚዛንና የእንጀራ ምጣድ ብቻ ይበቃል። 250 ግራም የሆነ ቁራጭ መዘንኩ። እናቴ ጋግራ ስትጨርስ ምጣዱ ላይ አኖርኩት። እያገላበጥኩ፣ ደጋግሜ እየመዘንኩ፣ መቀነሱን ሲያቆም 216 ግራም ሆነ። የጠፋው ውሃ 34 ግራም ነው። 34ን ለ216 ሳካፍል 15.7 በመቶ ይመጣል። ለቀለም 12 በመቶ አካባቢ ቢሆን ደስ ይለኝ ነበር። ጣውላው ኅዳር ላይ ሲገዛ ደርቆ ነበር፤ ክረምቱ መልሶ አጠጣው። 250 ግራም የሆነ ሌላ እኩያ ቁራጭ ወስጄ ቤት አስቀመጥኩ። እየመዘንኩ እከታተለዋለሁ።

ሐምሌ 17

ስቴይኑን አስለቀቅሁት። ከባድ ቀን ነበር።

ጨርቅ በአኳራጅ እያራስኩ ዘመሙን ፊት ጠረግሁ። የተረፈው ቡናማ ሙጫ እየለሰለሰ ወጣ። ቲነር አልተጠቀምኩም፤ እሱ ቶሎ ስለሚተን ለስልሶ ሳይጠረግ ይመለሳል። ጠፍጣፋው ቦታ በግማሽ ሰዓት አለቀ። ሐረጉ ግን ሦስት ሰዓት በላኝ። ስቴይኑ ቅርጹ ጎድጓዳ ውስጥ ተኝቶ ቀርቷል። በጥርስ ብሩሽ እያሸሁ፣ በተሾለ የቀርከሃ ስንጥር ጨርቅ እየጠቀለልኩ አወጣሁት። መስቀሉ ጥግ ጥግ ላይ ያለው እንደ ማር ይሳብ ነበር። በብርድ ጊዜ የተቀረጸ ነገር የሚቀባ ሰው ይህን ያስብ። ጠፍጣፋው ደረቀ ማለት ጎድጓዳው ደረቀ ማለት አይደለም።

አንድ ነገር ሳልጽፍ አላልፍም። የጠረግሁበትን ጨርቅ ሁሉ ባልዲ ውስጥ ጠቅጥቄ ነበር። ከምሳ ስመለስ እጄን ባስገባ መሃሉ ሞቅ ብሏል። በዚያ ብርድ! ዘይቱ ከአየር ጋር ሲዋሃድ ሙቀት ይሰጣል። የተጨበጠ ጨርቅ ውስጥ ሙቀቱ መውጫ ስለሚያጣ እየጨመረ ሄዶ ማንም ሳይለኩሰው እሳት ሊነሳ ይችላል። ወዲያው አውጥቼ አንድ በአንድ አጥሩ ላይ ዘረጋኋቸው። ብርድ ነው ብላችሁ አትናቁት። ወይ በየተራ ዘርጉት፣ ወይ ውሃ ውስጥ ንከሩት።

ሐምሌ 18

የቁራጮቹ ውጤት። የለካሁት በነጭ ጨርቅ ነው። ጫን አድርጌ አሻለሁ፤ ቀለም ከወጣ አልደረቀም።

መ፣ ማለትም የታበሰውና ቤት ያደረው፣ በማግስቱ ጨርቁን አላቆሸሸም። ሐ፣ ቤት ውስጥ ያለው ወፍራሙ፣ ሦስት ቀን ሆኖት አሁንም ይጣበቃል። ሀ ባለበት ነው፤ ጭራሽ አቧራ ይዟል። ለ ግን፣ በ11 ዲግሪ ብርድ ያደረው፣ ታብሶ ስለነበር ዛሬ ጠዋት ንጹህ ሆነ።

ሁለት ጊዜ አሸሁት፤ አላመንኩም ነበር። ብርድ ውስጥ ያለው ቀጭን፣ ሙቅ ቤት ያለውን ወፍራም ቀድሞ ደረቀ። እኔ ሰባት ቀን ሙሉ ብርዱን ስረግም ነበር። ብርዱ የሚያዘገይ ነው። የከለከለው እላዩ ላይ የተውኩት ትርፍ ነው። ስቴይን እንደ ቫርኒሽ ላይ ላይ ተነጥፎ እንዲጠነክር አልተሠራም፤ አጣባቂው ጥቂት ነው። እንጨት ውስጥ ካልገባ ላዩ ቆዳ ያበጅና ከሥሩ ለስላሳ ሆኖ ይከርማል።

ጠቆር ያለ መልክ የሚፈልግ ሰው በወፍራሙ ከመቀባት ጠቆር ያለ ስቴይን ይግዛ፤ ያለዚያም ቀጭኑ ደርቆ ሲያልቅ ይድገመው።

ሐምሌ 20

ትናንት የገብርኤል ንግሥ ነበር። ከቅዳሴ መልስ አትሮንሱን ከሁለት ልጆች ጋር ተሸክመን ቤት አስገባነው። እናቴ የእንግዳውን ክፍል ለቀቀችልኝ። "የቤተ ክርስቲያን ዕቃ ነው፣ ይደርበት" አለች። ዛሬ ሥራዬ መጠበቅ ብቻ ነው።

መጠበቁ የራሱ ጥቅም አለው። ክፍሉ ሞቆ እንጨቱ ግን ከቀዘቀዘ ምንም አልሞቀም። ዋንዛው ወፍራም ነው፤ ውስጡ ድረስ ለመሞቅ ቀን ይፈልጋል። ከብርድ የገባን እንጨት ወዲያው ሞቃትና እርጥብ አየር ሲያገኘው ደግሞ ላዩ ላይ ጤዛ ይይዛል። በዚያ ላይ መቀባት ውሃ ላይ መቀባት ነው።

ሐምሌ 22

ቁራጬ 244 ግራም ሆናለች። ይህም 13 በመቶ ገደማ ነው። ለሐምሌ ይበቃል አልኩ።

እንዲህ አደረግሁ። ከጠዋቱ 2 ሰዓት ላይ ከሰል ውጭ አቀጣጥዬ፣ ጢሱ አልቆ ፍም ሲሆን በምድጃ ወደ ክፍሉ አስገባሁት። መስኮቱ ክፍት ነበር። 4 ሰዓት ላይ 21 ዲግሪ ደረሰ፤ እርጥበቱ 58 በመቶ። ከዚያ ከሰሉን አስወጥቼ፣ ክፍሉን አናፍሼ፣ ከዚያ ነው ጣሳውን የከፈትኩት። ይህን ቅደም ተከተል ማንም እንዳያዛባው። የስቴይኑ ትነት በቀላሉ የሚቀጣጠል ነው፤ ከአየርም ስለሚከብድ መሬት ለመሬት ሄዶ እሳት ይፈልጋል። ከሰሉም ራሱ ሽታ የሌለው ገዳይ ጋዝ አለው። በተዘጋ ቤት ከሰል አስቀምጦ መተኛት ስንት ሰው ወስዷል። ለእንጨት ተብሎ አይደረግም።

ጣሳውን ለብ ያለ ውሃ ባለበት ሳፋ ውስጥ ሩብ ሰዓት አቆምኩት። እሳት ላይ አይደለም። የቀዘቀዘ ስቴይን ወፍራም ነው፤ ለብ ሲል ቀጥኖ እንጨቱ ውስጥ ይገባል። ከሥሩ አማሰልኩ። ብሩሹን ትቼ በጨርቅ ቀባሁ። ገጽ በገጽ ነው የሄድኩት፤ አንዱን ገጽ ቀብቼ፣ 5 ደቂቃ ጠብቄ፣ አብሼ ወደሚቀጥለው። ሐረጉን በደረቅ የጥርስ ብሩሽ መጥጬ አወጣሁ። ከ20 ደቂቃ በኋላ ሁሉንም ደግሜ አበስኩ። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ጎድጓዳዎቹ ላይ ትንንሽ ነጥብ ተፍቶ አገኘሁ። እሱንም አበስኩ። ዋንዛ የጠጣውን ቀስ እያለ ይመልሳል። ቀብቶ መሄድ አይቻልም፤ አጠገቡ መቀመጥ ነው።

መስኮቱ አራት ጣት ያህል ክፍት ነው። ከበሩ ሥርም ክፍተት ትቻለሁ። ሙቀቱ ትንሽ ቢወርድም አየሩ ይበልጥብኛል።

ሐምሌ 24

ነጩ ጨርቅ ጠፍጣፋው ላይ ንጹህ፣ ሐረጉ ላይ በጣም ሳሳ ያለ ቡናማ። አፍንጫዬን ጠጋ ሳደርግ ቅርጹ አሁንም ይሸታል። ሽታ ካለ ተን አለ። ቫርኒሽ ብቀባ ተኑን ከሥር አፍኜ እቀብረዋለሁ። ጠበቅሁ።

ሐምሌ 25

ጨርቁ ሁሉም ቦታ ንጹህ። ሽታው የለም። የሁለቱ ጣውላዎች መልክ ተቀራርቧል። ፀሐይ በመስኮት ገብታ ሐረጉ ላይ ስታርፍ ለረጅም ጊዜ ቆሜ አየሁት።

ሐምሌ 26

የመጀመሪያው ቫርኒሽ። ይህም በዘይት የተሠራ ነው። በውሃ የሚሠራውን ያልመረጥኩት ከሥር ያለው የዘይት ስቴይን ጎድጓዳ ውስጥ ትንሽ ቢያረጥብ አልያዝ ብሎ ይላጣል ብዬ ነው። በአኳራጅ ትንሽ አቅጥኜ ስስ አድርጌ ቀባሁ።

ሐምሌ 28

ነክቶ ለማየት ደርቋል። በ320 ቁጥር ወረቀት ስስ አድርጌ አሸሁ። ወረቀቱ ላይ ነጭ ዱቄት ወጣ። ደርቋል ማለት ነው፤ ባይደርቅ ወረቀቱን በሙጫ ይደፍነው ነበር።

ከዚያ የኔታ ዘንድ ሄድኩ። ደስ የማይል መንገድ ነበር። ከጉባኤው ደጃፍ ቆሜ "የኔታ፣ ለነሐሴ 1 አይደርስም" አልኳቸው። ምክንያቱን ጠየቁኝ። ቫርኒሽ ሲነኩት ደርቆ ሳለ ውስጡ ገና እንደሆነ፣ ከባድ ነገር ሲጫነው ማተም እንደሚጀምር፣ በብርድ ደግሞ ሳምንታት እንደሚፈልግ ነገርኳቸው። መጽሐፉ ላይ የሚሆነውንም አልደበቅሁም።

"ያንተ አትሮንስ ይቆይ። መጽሐፉ ከአያቶቻችን የመጣ ነው፣ ምትክ የለውም። ለአሮጌው እግር ሽብልቅ ግባበት" አሉኝ። እዚያው ሽብልቅ አስገብቼለት መጣሁ።

ሐምሌ 30

ሁለተኛው ቫርኒሽ። 20 ዲግሪ፣ 60 በመቶ። ለመፈተኛ የሚሆን መ የተባለውን ቁራጭም አብሬ ቀባሁ። ቀባሁና ወጣሁ፤ ስለዚህ ቀን ሌላ የምጽፈው የለኝም።

ነሐሴ 5

መ ቁራጭ ላይ ነጭ ነጠላ ጨርቅ አጥፌ፣ በላዩ ሁለት ኪሎ የሚሆን ድንጋይ አድርጌ አሳደርኩ። ዛሬ ጠዋት ሳነሳው ጨርቁ ትንሽ ያዝ አድርጎ ተላቀቀ። የድርና ማጉ ቅርጽ ቫርኒሹ ላይ ታትሟል። ጣት ግን ምንም አይለይም፤ በጣት ቢሆን ደረቀ ብዬ አስረክቤ ነበር።

ነሐሴ 8

ያው ፈተና። ጨርቁ አልያዘም፤ ማኅተሙ ግን በጎን ብርሃን ሲታይ አለ። መስኮቱ ቀን ቀን ክፍት ነው። ዝናቡ ጋብ ባለ ቁጥር አትሮንሱን ወደ ፀሐዩ እገፋዋለሁ።

ነሐሴ 11

ድንጋዩን አንስቼ ጨርቁን ገለጥኩ። ምንም የለም። ቁራጯን ወደ መስኮቱ አዘንብዬ አየሁ፣ ውጭም አውጥቼ አየሁ። ልሙጥ ነው።

ከሰዓት በኋላ በብርድ ልብስ ጠቅልለን ተሸከምነው። ዝናቡ መንገድ ላይ ያዘን፤ አንዱ ልጅ ጋቢውን አውልቆ ደረበለት። የኔታ መጽሐፉን ከማኅደሩ አውጥተው ዘረጉት። ከዚያ ያልጠበቅሁትን አደረጉ። መዳፋቸውን ዘመሙ ላይ አሳርፈው ቆዩና አንስተው መዳፋቸውን አዩት። የፍልሰታው ሱባኤ ገና አራት ቀን ቀርቶታል።